እንከን የሌላት ጀልባ

ከባሕር ርቆ ያደገ፣ ዋና የማይችል፣ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ሆዱ የሚገለበጥበት ሰው ያገለገሉ የሸራ ጀልባዎች ገበያ ውስጥ ምን ይሠራል? እንዲህ ብለው የሚጠይቁ ነበሩ። ይጠይቁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል የሰማ ሰው ግን አይጠይቅም።

ሰውየው ሥራው ሸራ መስፋት ነው። የጭነት መኪና ልባስ፣ የሱቅ ደጃፍ ጥላ፣ የድንኳን ጣሪያ ይሰፋል። ጣቶቹ በመርፌ ብዛት ደንድነው፣ ሻይ ቢሰጡት በእጁ ይዞ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አይለይም። ያም ሆኖ የሚስቱ ክንድ ላይ መርፌ ሲገባ ማየት አይችልም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ነርሷ "ዕድሜ ልክዎን በመርፌ ኖረው እንዲህ ይፈራሉ?" እያለች ትስቅበታለች። እሱም "ሸራ አያመውም እኮ" ይላታል።

የሚስቱ ኩላሊቶች ከከዷት ቆይተዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ባለታክሲው ጎረቤታቸው በጠዋት ደጃፋቸው ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። ሰውየው ተንበርክኮ ጫማዋን ያጠልቅላታል፣ ሹራቧን ያለብሳታል፣ ደግፎ ያወጣታል። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ እጥበት። ማሽኑ ደሟን ወስዶ አጥቦ እስኪመልስላት ግማሽ ቀን ከወንበሩ ጋር ታስራ ትውላለች፤ እሱ ከጎኗ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል። ቤት ሲመለሱ እሷ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ትጋደማለች። እሱ ደግሞ በእንቅልፍ ልቡ ያንን በመርፌ የተበሳሳ ክንዷን እንዳይጫንባት ብሎ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል። ባልና ሚስት በአንድ አልጋ መተኛት ካቆሙ ሰንብተዋል።

መጀመሪያ አካባቢ እጥበቱ ላይ ያወሩ ነበር። በኋላ ወሬው አለቀ። ያኔ ነው የፈራው። ሚስቱ ብትቆጣ ይችላል፣ ብታለቅስም ይችላል። ዓይኗን ኮርኒሱ ላይ ተክላ ዝም ስትል ግን ምን ይዋጠው?

አንድ ቀን እጥበቱ ላይ ከጎኗ ተቀምጦ በስልኩ ያገለገለ የስፌት መኪና ሲያፈላልግ፣ ያ ስልክ ምን እንደነካው እንጃ፣ የስፌት መኪናውን ትቶ ጀልባ ደቀነበት። ነጭ ባለ ሸራ ጀልባ፣ ከነማስታወቂያዋ። ዝምታው አንገቱ ድረስ ደርሶ ነበርና ጉሮሮውን ጠራረገና እንደ ደላላ ማነብነብ ጀመረ።

"እመቤቴ፣ ይህችን ያላየ ጀልባ አየሁ እንዳይል። አንድ ሰው ብቻ ነው የያዛት፣ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ። ሸራዋ አዲስ፣ ገመዷ አዲስ። ያረጀው ባሕሩ ብቻ ነው።"

ሚስቱ ዓይኗን ከኮርኒሱ አወረደች።

"እስቲ አሳየኝ" አለች። ካየች በኋላ "አልጋው የት ነው?"

"ታች፣ ጓዳው ውስጥ። ይኸውልሽ።"

"ይሄ ከምድጃው ጋር የተጣበቀው? ሽንኩርት እየሸተተኝ ልተኛ ነው? አንገዛም" ብላ ሳቀች። ሳቋ ትንሽ ነበር፤ ግን ሳቅ ነበር። ሰውየው ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣና ኮሪደሩ ጥግ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። እሱ ደላላ ይሆናል፣ እሷ ገዢ። እንከን የተገኘባት ጀልባ ትቀራለች፣ እንከን የታጣባት ትገዛለች። ዋጋ እንከን አይባልም። "ዋጋ ውስጥ ከገባን እንኳን ጀልባ መቅዘፊያም አይደርሰን" አለች። እንከን ደግሞ አይጠፋም ነበር፣ ተመስገን ነው። እሱ ሁሌም የሚያየው ሸራውን ነው፤ ሙያው ነዋ። ፎቶውን አጉልቶ ስፌቱን ይከተላል፣ ጠርዙን ይመረምራል፣ "ይሄን የሰፋ እጁ ይባረክ" ይላል። እሷ ሸራ መኖሩንም ልብ አትል፤ በቀጥታ ወደ ጓዳው ነው። መጀመሪያ አልጋውን ትጠይቃለች፣ ቀጥሎ ምድጃውን፣ ቀጥሎ መስኮቱን። "ይሄ መስኮት ነው የቁልፍ ቀዳዳ?" "ይህን ወንበር የሠራው ሰውዬ ጉልበት የሚባል ነገር የለውም?" አንዷን ጀልባ ስሟ አልጣመኝም ብላ አስቀረቻት። ሌላዋን ደግሞ ባለቤቱ ፎቶው ዳር ቆሞ ሲስቅ ጥርሱ አላማራትም። "እንዲህ የሚስቅ ሰው የሆነ ቀዳዳ ደብቋል" አለች።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማ ነበር። ከጎናቸው ወንበር የሚታጠበው ጡረተኛ ትራፊክ ፖሊስ ሰውየውን "ካፒቴን" ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ጸደቀ፣ ነርሶቹም ያዙት። "ካፒቴን፣ ዛሬስ ወዴት ልትወስደን ነው?" ይለዋል። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን የማያውቅ የለም። ግን እኮ ያቺ ላም ሰማይ ላይ ሆናም ትታለብ ነበር። ሴትዮዋ ትስቅ ነበር፣ ትከራከር ነበር፣ ቤት ገብታ እንኳ "ያቺ ሰማያዊዋ ግን መጋረጃዋ ጥሩ ነበር" ትል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሁለቱ ያውቃሉ፣ አፍ አውጥተው አልተነጋገሩበትም። እንከን እስካለ ድረስ ሌላ ጀልባ አለ፤ ሌላ ጀልባ ካለ ሌላ እጥበት አለ። ሰውየው በዚህች ክር ነበር የተንጠለጠለው። ሸራ ሰፊ ክር ምን ያህል እንደሚችል ያውቃል፣ ቢሆንም ተንጠለጠለ።

ሰሞኑን ነገሩ ጠመመ። ማሽኑ ገና ከመሥራቱ የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ከንፈሯ ይነጣል፣ ነርሶቹ ይሯሯጣሉ። ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው። ደህና ሰው ነው፣ ነገሩን አልሸፋፈነም። ልቧ ደክሟል አለ። ኩላሊት የሚሰጥ ቢገኝ እንኳ ልቧ ቀዶ ሕክምናውን አይችለውም። እጥበቱም ከሚጠቅማት የሚያሠቃያት እየበዛ ነው። "መቀጠልም ማቆምም የእርስዎ ምርጫ ነው" አላት፣ እሷን ብቻ እያየ።

"ካቆምኩስ?"

"ብዙ አይቆይም። እንዳያምዎት ግን ቤትዎ ድረስ መጥተን እንረዳዎታለን።"

ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኮሪደሩ ላይ ስለ ታክሲው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አንድ ደንበኛው የመኪና ልባስ ለፈለፈ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና "ደክሞኛል" አለች።

"ሁላችንም ደክሞናል። ዛሬ ጊዜ ወስደሽ ተኚ።"

መልስ ነው ይሄ? የሞኝ መልስ ነው፤ ራሱም ያውቃል። እንቅልፍ የሚያወጣው ድካም እንዳልሆነ አላጣውም። ግን ሰው ሲጨንቀው አፉ ያገኘውን ነው የሚያነሳው።

ረቡዕ መጡ። ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ መርፌው ገባ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ከወትሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ያለ ወደብ ላይ ታስራ የቆመች። "እመቤቴ፣ ይህች ሸራዋን ብቻ ብታዪ..." እያለ ሲያወራ እሷ ባልታሰረው እጇ ስልኩን ወሰደችበት። ወስዳም አታውቅም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፈች፤ አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችለት።

"ይህችን ግዛ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"እንከን የላትም። ግዛ።"

ቀልቡ ተገፈፈ። "ደህና አድርገሽ እይ እንጂ። ምድጃው..."

"ጥሩ ነው።"

"መስኮቱስ?"

"ሁለት መስኮት አላት። ብርሃን ይገባል።"

"ቀለሟ ግን የሞተ ነው። አረንጓዴ ጀልባ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ወድጄዋለሁ።"

ሁሌ አፉ የማይዘጋው ትራፊክ ፖሊስ እንኳ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ በዚያው በተረጋጋ ድምፅ፣ "ሕግ ሕግ ነው፤ ተገዛች። ዓርብ ታክሲው አይምጣ" አለችው።

ሰውየው እጇን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ያዘ። ምን ይበል? አልቅሶ ያውቃል፣ ለምኖ ያውቃል፣ ተቆጥቶም ያውቃል፤ የቀረችው ሕጓ ብቻ ናት። "ሳይታይ የተገዛ ዕቃ አለ እንዴ?" አለ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ፎቶ ምኑ ይታመናል? ነገ ሄጄ በዓይኔ አያታለሁ። እንከን ካገኘሁባት ግን ዓርብ እንመጣለን። ቃል ግቢልኝ።"

ዓይኗን ገልጣ ትክ ብላ አየችው። ሊገባው ያልቻለ አስተያየት ነበር፣ ያዘነችለት የሚመስል። "ሂድ እያት" አለች። "ጓዳውን ግን እይ። ሸራ ሸራ አትበል።"

በማግስቱ የባለታክሲውን ሚስት ከእሷ ጋር አስቀምጦ ወደ ወደቡ ሄደ። አውቶቡሱ ውስጥ ሆዱ ተገለበጠ፣ ከጎኑ የነበሩት ሴትዮ በላስቲክ ደረሱለት። ሲወርድ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀዳዳ። ዝገት። የተተረተረ ስፌት። አንድ ነገርማ አይጠፋም፤ የሰው እጅ የሠራው ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ ይሰንፋል።

የጀልባዋ ባለቤት መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ትዳር የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ያለችኝ ይህች ናት አሉት፤ ጉልበታቸው እምቢ ቢላቸው ነው የሚሸጧት። ብቻቸውን ከመኖር ብዛት ለጀልባዋም ያወራሉ። "እንግዳ መጥቶልሻል፣ አታሳፍሪኝ" አሏት።

አላሳፈረቻቸውም። ሰውየው ሸራዋን አስዘረጋ። ድርብ ስፌት፣ ማዕዘኑ ሁሉ በቆዳ የተጠናከረ፣ ክሩ የተሰመረ። በዚያ በደነደነ ጣቱ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ እንዲህ አዝኖ አያውቅም። ገመዱን ጎተተ፣ አልላላም። ምሰሶውን በጡጫ መታ፣ ደህና ድምፅ ሰጠው። የወለሉን ሳንቃ አስነስቶ እጁን ከታች ሰደደ፣ ደረቅ ነው። ሞተሩን አስነሱልኝ አለ፤ ገና ሲነካ ተነሣ። ተንኮለኛ ሞተር።

"ታፈሳለች መቼስ" አለ።

"አታፈስም።"

"ማዕበል ሲመጣ ትገለበጣለች።"

"እኔን ገልብጣኝ አታውቅም።"

"አንድ ነገር ይደብቁኛል እርስዎ።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉና አዩት። "ወንድሜ፣ ገዢ እንከን ሲያጣ ደስ ይለዋል። እርስዎ ሊያለቅሱ ነው።"

እውነትም ሊያለቅስ ነበር። "ሚስቴ ታማለች" አለ። "እንከን ሳላገኝ ቤቴ ከተመለስኩ ትሞትብኛለች።"

ይህ ለጤነኛ ሰው የሚገባ ነገር አይደለም። ሽማግሌውም አልገባቸውም፤ ግን ዕድሜ ደግ ነገር ነው፣ አልሳቁበትም። የጓዳዋን በር ከፈቱለትና "ታችን አላዩም" አሉት።

ረስቶት ነበር። ጓዳውን እይ ብላው ሸራ ላይ ተጣብቆ ሊመለስ! አጎንብሶ ወረደ። ምድጃው ጥሩ ነው። መስኮቶቹ ሁለት ናቸው፣ ብርሃን ይገባል። መደርደሪያው፣ ፋኖሱ፣ ሁሉም በቦታው። ከግድግዳው ጋር ደግሞ አንድ ጠባብ አልጋ። ሌላውን አልጋ ፈለገ፤ ዞር አለ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ መደርደሪያውን ሳበ። ከዚያ እዚያው አልጋ ላይ ተጋደመ። አንዱ ትከሻው ግድግዳውን ነካ፣ ሌላው ከአልጋው ውጭ ቀረ።

"ሁለተኛው አልጋ የት ነው?" ሲል ጮኸ።

"ሁለተኛ የለውም" አሉ ከላይ። "ለራሴ ነው ያሠራኋት። እንግዳ ተቀምጦ ይሄድባታል፤ ለመኖር ግን የአንድ ሰው ናት።"

ሰውየው ዘሎ ወጣና ሽማግሌውን አቅፎ ጉንጫቸውን ሳመ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያለ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ። በመልሱ ጉዞ ሆዱ አልተገለበጠም። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አልጋው አንድ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን እንከን አለ? ይህን አይቶ ገዢ ነኝ የሚል አለ? ነገ ዓርብ ነው፤ ታክሲው ይመጣል፤ ሰኞም ይመጣል። መንገዱን ሙሉ ለራሱ እየሳቀ ሄደ።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ደረሰ። የባለታክሲው ሚስት ሰላም ብላው ወጣች። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተጋድማለች። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አገኘሁባት" አላት። "አልሸሽግሽም፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ግን አልጋው አንድ ብቻ ነው። እኔ ራሴ ተኝቼ አየሁት፣ ለአንድ ሰውም ጠባብ ነው። ለአንድ ሰው የተሠራች ጀልባ ናት። አንገዛም።"

"አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት ታውቂያለሽ?"

"ፎቶው ላይ አየሁት። መጀመሪያ ያየሁት አልጋውን ነው። ለዚያ ነው ግዛ ያልኩህ።"

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ረቡዕ ዕለት አልጋው የት ነው ብላ አልጠየቀችውም። በዚያ ሁሉ ጀልባ ሳትጠይቀው አልፋ አታውቅም ነበር፣ የዚያን ቀን ግን አልጠየቀችም።

"እኔ ዋና አልችልም" አለ።

"ትማራለህ።"

"አውቶቡስ እንኳ ያጥወለውለኛል፣ ታውቂያለሽ።"

"ይለምድልሃል።"

"ብቻዬን ምን ልሁን? አትሂጂብኝ። ያለ አንቺ አልችልም፤ አልችልም ነው የምልሽ።"

እጇን ዘርግታ ፀጉሩን ነካችው። "ስለማትችል እኮ ነው እስካሁን እጥበት የሄድኩት" አለች። "ያን ሁሉ ጊዜ እንከን ስፈልግ ለጀልባው ብዬ መሰለህ? አንተ እያነበብክ ሳይህ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ይሆናል እያልኩ ነበር። አሁን ግን አቃተኝ። አንድ ነገር ልንገርህ። ነገ ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ። ሰኞም ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ። አንተ ሳትል አላቆምም። ብቻ አንተ ነህ የምትለው።"

ሲመሽ ፍራሹን አነጠፈ፣ ተጋደመ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ነጋ።

ዓርብ ጠዋት ቀድሞ ተነሥቶ ውሃ አሞቀ፣ ፊቷን አጠባት፣ ሹራቧን አለበሳት። እንዳስለመደው ተንበርክኮ ጫማዋን አነሣ። እግሯ አብጦ ነበር፤ ጫማው እምቢ አለ። ማሰሪያውን ፈትቶ አላልቶ ደግሞ ሞከረ። አሳመማት፣ ግን አፏን አልከፈተችም። ቀና ብሎ አያት። ክንዷ ጭኗ ላይ ተጋድሟል፣ ስንት ዘመን ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ ያላየው ክንድ። አሁን አየው። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ያልተወጋ ቦታ የለም፤ ጠቁሯል፣ አብጧል፣ ተቋጥሯል። እንዲህ የሆነ ሸራ ቢያመጡለት ከእንግዲህ መርፌ አይችልም ብሎ ይመልሳቸው ነበር። ለደንበኛ የሚናገረውን ለሚስቱ መንፈጉ አንጀቱን በላው።

ደጅ ላይ ክላክስ ተሰማ።

ሰውየው ተነሣ። ጫማዋን በእጁ እንደያዘ ወጣና የታክሲውን መስኮት አንኳኳ።

"ዛሬ አንሄድም" አለ።

ባለታክሲው ጫማውን አየ። "አመማት እንዴ? ሰኞ ልምጣ?"

"አይ። ከእንግዲህ አትልፋ።"

ባለታክሲው ሞተሩን አጠፋና ሁለት እጁን መሪው ላይ ጫነ። ሰውየው "በርታ" የሚለውን ሳይጠብቅ ተመልሶ ገባ። ጫማዎቹን አልጋው ሥር አስተካክሎ አስቀመጠ።

"ጠጋ በይልኝ" አላት።

ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችለት። ጫማውን አውልቆ በጎኑ ከአጠገቧ ተጋደመ፤ ግማሽ ገላው ከአልጋው ውጭ ቀረ።

"ትወድቃለህ" አለችው።

"ልውደቅ" አላት፣ ክንዷን እንዳይነካ ተጠንቅቆ እጁን ወገቧ ላይ አደረገ።